ካርታው ከተገለጠ በኋላ

ሺሺንዳ ዝናብ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ቡና ቤት ተጠልለን፣ አራት ሆነን ፖከር ጀመርን። ገንዘብ የለም፤ የምናስይዘው የክብሪት እንጨት ነው። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል።

በእጄ ሁለት የልብ ካርታ አለ። ከተዘረጉት ሦስት ካርታዎችም ሁለቱ ልብ ናቸው። አንድ ልብ ብቻ ከመጣልኝ ጨዋታው የእኔ ነው ብያለሁ። መሃል 20 እንጨት ነበር፤ ጓደኛዬ 5 ጨመረ፣ እኔም 5 ከፈልኩ። አራተኛው ካርታ ልብ አልሆነም። ጓደኛዬ 30 አስያዘ። የቀረኝ 30 ነበር፤ ሁሉንም ገፋሁት። አምስተኛውም ልብ አልሆነም።

«አንተ እኮ ጋኪ ሸሮቾ ነህ! መሸነፍህን እያየህ አትተውም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ክርክር ገባሁ።

የመጀመሪያው ውሳኔዬ ልክ ነበር። ካላየኋቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ናቸው፤ ከአምስት አንዴ ገደማ ይመጣል ማለት ነው። 5 ከፍሎ 25 ለማግኘት ደግሞ ከስድስት አንዴ ማሸነፍ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ተያዘ። 30 ከፍሎ 60 ለማግኘት ከሦስት አንዴ ማሸነፍ ያስፈልጋል። የእኔ ዕድል አሁንም ከአምስት አንዴ ነው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ውሳኔ ልክ፣ ሌላው ስህተት ነበር። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም።

ስማቸው የተነሳው ንጉሥስ?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ወቀሳ አንድ ነው፦ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እንደ ጅማው አባ ጅፋር ቢገብሩ ኖሮ ካፋ ይተርፍ ነበር። አባ ጅፋር በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን እያስተዳደሩ ቆዩ፤ ጋኪ ግን አልገበሩም። ይህ ወቀሳ ካርታው ከተገለጠ በኋላ የሚነገር ነው። ጋኪ ያኔ በእጃቸው የነበረው ጎጀብና ኦሞ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በድንበሩ የተቆፈረው ጥልቅ ቦይና የሚጠበቁት በሮች ነበሩ። ካፋን ለረጅም ዘመን የጠበቁት እነዚህ ናቸው። በነዚህ ተማምኖ አልገብርም ማለት እብደት አልነበረም።

ነገር ግን በኋላ አዳዲስ ካርታዎች ተገለጡ። በ1894 የወላይታው ካዎ ጦና ተዋግተው ተሸነፉ። በ1896 ምኒልክ ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ጠመንጃ የያዘ ጦር ይዘው መጡ፤ የአባ ጅፋር ሰዎችም አብረው ዘመቱ። የካፋ ተዋጊ አብዛኛው በጦርና በጋሻ ነበር። ጋኪ ለወራት ተከላከሉ፤ በመስከረም ተያዙ። በ1919 ከአገራቸው ርቀው በግዞት አረፉ።

እዚህ ላይ መከላከያዬ ይደክማል። የእኔ እንጨት የእኔ ነበር። ጋኪ ያስያዙት ግን የሰው ሕይወት ነው። በ1898 ከወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች የሰው አጥንት ሜዳ ላይ ተበትኖ ማየቱን ጽፏል። በርግጥ ያን ሁሉ ያደረሰው የዘመተው ጦር ነው፤ ይህን ዕዳ በጋኪ ላይ መጫን ግፍ ነው። መገበርም ቢሆን በነጻ አይገኝም፤ የጅማ ራስ ገዝነት ራሱ በ1932 አክትሟል። ቢሆንም «ጀግና ነበሩ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆነኝም፤ «ግትር ነበሩ» ማለትም እንዲሁ።

ጓደኛዬን «እሺ፣ አንተ ብትሆን የቱ ጋ ነበር ካርታህን የምትጥለው? ከወላይታ በኋላ? ከዓድዋ በኋላ?» አልኩት።

ካርታውን መበወዝ አቁሞ ትንሽ አሰበ። «ከወላይታ በኋላ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ቆይ፣ እኔ እንኳ ጎጀብን ይዤ የምጥል አይመስለኝም።»

ቡናውን ጋበዝኩ። ዝናቡ አላቆመም ነበር፤ ስለዚህ እንደገና አደልን።