ያልተጻፈው ሥራ
የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች ሥራቸውን መለስ ብለው የሚመረምሩበት ልማድ ከየት መጣ?

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ወደ ሆስፒታል በሚሰማሩበት ጊዜ የሠሩትን መለስ ብለው እንዲመረምሩና ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ይጠየቃሉ። የልማዱን አመጣጥ ያልተረዳ ተማሪ ትእዛዙን ለማርክ ሲባል ብቻ እንደሚሞላ ቅጽ ቢቈጥረው አያስደንቅም። ታሪኩ እንደሚያስረዳው ግን ልማዱ በዚህ ሙያ ሥር የሰደደው ባለሙያው የገዛ ሥራውን በቃል መግለጽ ተስኖት ስለ ነበር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በበሽታ ወይም በአደጋ ምክንያት የዕለት ኑሮውን ማከናወን የተሳነውን ሰው በተግባር አማካይነት ወደ ኑሮው ለመመለስ የሚጥረው ይህ ሙያ፣ በአሜሪካ በማኅበር የተቋቋመው በ1917 በኒውዮርክ ግዛት በክሊፍተን ስፕሪንግስ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሲሆኑ፣ የተግባርን ፈዋሽነት የተረዱት በራሳቸው ሕመም ነበር። በ1922 የታተመው የአእምሮ ሐኪሙ የአዶልፍ ማየር ጽሑፍም ጤናን ከሥራ፣ ከጨዋታ፣ ከዕረፍትና ከእንቅልፍ ሚዛን ጋር አያያዘ። ስለሆነም የሙያው መነሻ መላው ሰው እንጂ የተጐዳው አካል ብቻ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው ወደ ሕክምናው ይበልጥ እየተጠጋ ሲሄድ በአኃዝ የሚለካው፣ ይኸውም የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴና የጡንቻ ኃይል፣ ከፍ ያለ ስፍራ ያዘ። ሜሪ ራይሊ በ1961 ባሰሙት ንግግር ባልደረቦቻቸው ወደ መነሻው ሐሳብ እንዲመለሱ አሳሰቡ።

በሌላ በኩል ፈላስፋው ጆን ዱዊ በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የማሰላሰል መነሻው ሰው ግራ የሚጋባበት ሁኔታ መሆኑን አስረድተው ነበር። ይህን ሐሳብ ያዳበሩት ዶናልድ ሾን በ1983 ባወጡት መጽሐፍ፣ ባለሙያ በትምህርት ቤት የቀሰመውን ሕግ በሥራ ላይ ከማዋል አልፎ፣ እየሠራም ሆነ ከሠራ በኋላ በማሰላሰል እንደሚማር አሳዩ። በዚያው ዓመት ጆአን ሮጀርስ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ከውሳኔ የሚደርስበትን የአስተሳሰብ መንገድ የንግግራቸው ርእስ አደረጉት።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በ1986 በተጀመረ ጥናት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሸሪል ማቲንግሊና የሙያው መምህር ሞሪን ፍሌሚንግ፣ ሾንን በአማካሪነት ይዘው፣ በቦስተን ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎችን በቪዲዮ ቀርጸው ሥዕሉን ከባለሙያዎቹ ጋር ተወያዩበት። ባለሙያዎቹ በሦስት ዓይነት መንገድ እንደሚያስቡ ታወቀ፦ ስለ ጉዳቱና ስለ ሕክምናው ዘዴ፣ ከፊታቸው ስላለው ሰው ስሜትና ፍላጎት፣ እንዲሁም ስለዚያ ሰው የወደፊት ሕይወት። በሕክምና መዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነበር፤ የቀሩት በባልደረቦች መካከል በጨዋታ መልክ ይነገሩ ነበር እንጂ እንደ ዋና ሥራ አይቈጠሩም ነበር።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ግማሽ አካሉ የሰለለ ሰው ሸሚዙን እንዲቈልፍ ስታስተምር የዋለች ባለሙያ በመዝገቡ የምትጽፈው ስንት ቁልፍ ያለ ዕርዳታ እንደ ቈለፈ ነው። በሚስቱ ፊት መቸገሩ እንዳሳፈረው አስተውላ ትምህርቱን ለብቻው ያደረገችበት ብልሃት ሳይጻፍ ይቀራል። ያልተጻፈውም ለተማሪ አይተላለፍም፤ በጀት በሚቀነስበት ጊዜም ተከራካሪ አያገኝም።

የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ከእያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የሥራ ልምምድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሰዓት መቍጠር ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። ማስታወሻው ማርክ የሚሰጥበት ሲሆን ደግሞ ተማሪው መምህሩ ይወደዋል ብሎ የገመተውን ብቻ ወደ መጻፍ ያዘነብላል። ስለዚህ መምህራን የቦስተኑን ጥናት አብነት ተከትለው አንዱን የልምምድ ቀን ከተማሪው ጋር እንደገና ቢመለከቱ፣ ምን እንዳየ፣ ስለ ምን እንዲያ እንዳደረገ፣ ለሕመምተኛውም ኑሮ ምን እንደ ፈየደ ቢጠይቁት ይበጃል። የራሳቸውንም ጥርጣሬ ሳይሸሽጉ ቢነግሩት፣ ተማሪው ከመዝገቡ ውጭ የቀረውን ሥራ ማየትና መናገር ይለምዳል።