በሽታ ተከላካይ ሥርዓትን የሚጠቀሙ የካንሰር ሕክምናዎች

ይህ መረጃ ኢሚውኖቴራፒ ስለተባለው የካንሰር ሕክምና ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሐኪምን ምክር አይተካም።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ከውጭ የሚገቡ ተሕዋስያንን ብቻ ሳይሆን፣ ጤናማ ባሕርያቸውን የለወጡ የሰውነት ሕዋሳትንም ለይቶ ያጠፋል። ቲ ሕዋሳት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የዚህ ተግባር ዋነኛ ፈጻሚዎች ናቸው። ጤናማውን አካል እንዳያጠቁም በላያቸው የሚገኙ የተወሰኑ ፕሮቲኖች እንደ ልጓም ይገቷቸዋል። አንዳንድ ካንሰሮች ይህንኑ ልጓም መሸሸጊያ ያደርጉታል።

አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4፣ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ-1 በተባሉት ፕሮቲኖች ላይ ባካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ምርምራቸው ልጓሙን በመድኃኒት በማላላት ቲ ሕዋሳት ካንሰርን እንዲያጠቁ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

• ልጓም የሚያላሉ መድኃኒቶች፦ በአብዛኛው በደም ሥር የሚሰጡ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር ተፈቅዷል።
• ካር-ቲ ሕክምና፦ የታካሚው ቲ ሕዋሳት ከደሙ ተወስደው በቤተ ሙከራ ከተለወጡ በኋላ ተመልሰው ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ለተወሰኑ የደም ካንሰሮች ተፈቅዷል።
• ቢሲጂ፦ ሕፃናት ከሳንባ ነቀርሳ እንዲጠበቁ የሚሰጠው ክትባት፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሽንት ፊኛ እየገባ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለን የፊኛ ካንሰር ለማከም ጥቅም ላይ ውሏል።

ለሁሉም ታካሚ ይሆናልን?

አይሆንም። ውጤቱ እንደ ካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ይለያያል፤ በርካታ ታካሚዎችም ለውጥ ላያዩ ይችላሉ። በቀዶ ሕክምና፣ በኬሞቴራፒ ወይም በጨረር ሊድን የሚችል ካንሰር ያለበት ሰው አዲሱን መድኃኒት በመጠበቅ የታዘዘለትን ሕክምና ሊያቋርጥ ወይም ሊያዘገይ አይገባም። የመዳን ዕድል የሚጠብበት አንዱ ምክንያት መዘግየት ነውና።

ጥንቃቄ የሚሹ ምልክቶች

ልጓሙ ሲላላ ቲ ሕዋሳት ጤናማ አካልንም ሊያጠቁ ይችላሉ። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ አዲስ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሰፊ ሽፍታ ወይም ከባድ ድካም ሲከሰት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቶቹ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም ሊታዩ ስለሚችሉ፣ ታካሚው የወሰደውን መድኃኒት ስም ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ወይም የገዛ ሰውነትን የሚያጠቃ ሕመም ያለበት ሰው ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት።

ስለ ማስታወቂያዎችና ስለ ምርምር ተሳትፎ

“የመከላከል አቅምን በማጠናከር ካንሰርን ይፈውሳሉ” ተብለው በገበያና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ ውህዶች ኢሚውኖቴራፒ አይደሉም። መድኃኒት በሐኪም ትዕዛዝና ፈቃድ ካለው ተቋም ብቻ ሊገዛ ይገባል።

በሕክምና ምርምር እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው የምርምሩን ዓላማና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በሚረዳው ቋንቋ የማወቅ፣ ምርምሩ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቁን የመጠየቅ፣ እንዲሁም በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት አለው። ተሳትፎውን ማቋረጡ መደበኛ ሕክምናውን አያስቀርበትም።

መከላከል

በሽታ ተከላካይ ሥርዓትን አስቀድሞ የሚያዘጋጁ ክትባቶችም ካንሰርን ይከላከላሉ። የኤችፒቪ ክትባት ከማሕፀን በር ካንሰር፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ከጉበት ካንሰር ለመጠበቅ ያገለግላሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን በወቅቱ እንዲያስከትቡ ይመከራል።