ወጌሻ ጋር ወይስ ሐኪም ቤት? ስለ ወገብ፣ አንገትና መገጣጠሚያ ሕመም ማወቅ ያለብዎት

ግምጃ ቤት አካባቢ ሰው ከፈረስ ሲወድቅ ወይም እግሩ ወለም ሲለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ብዙ ሰውም በወጌሻ እጅ እፎይ ብሏል።

በውጭው ዓለም ለዚህ የሚቀርበው ሙያ ካይሮፕራክቲክ ይባላል። እ.ኤ.አ በ1895 አሜሪካ ውስጥ በዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተጀመረ ሲሆን፣ የአከርካሪን መገጣጠሚያ በእጅ በመጫን የሚሰጥ ሕክምና ነው። ሰዎች በብዛት የሚሄዱበት ሕመም፦

🔹 የወገብ ሕመም
🔹 የአንገት ሕመም
🔹 ከአንገት የሚነሳ ራስ ምታት

ለወገብ ሕመም የተወሰነ እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ። አስምና ደም ግፊት ያድናል ለሚባለው ግን በቂ ማስረጃ የለም።

⚠️ መታሸት የሌለበት ጀርባ
ሕመሙ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተም በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

⚠️ ስብራት
እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ማሰሪያው ነው። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ሲያብጥ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ፤ ሕፃናት ጭምር።

ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያውን አላልተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ይሂዱ። «ሲያድር ይለቀኛል» ብሎ መታገስ እጅ ያስቆርጣል።