ከባሌ ሳንወጣ



በሮቤ ከተማ በመድረሳ አስተማሪነት አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። በዚህ ክረምት በቤተሰብ ጉዳይ ወደ አዳማ ልንዛወር ዕቃ ስናሰናዳ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ «አባባ፣ ባሌ ድሮም የሙስሊሞች አገር ነበረች?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎን» አልኩት። «በምን ይታወቃል?» አለኝ። ስለ ቁርጡባ መስጊድና ስለ ባግዳድ ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው፣ ስለምኖርባት ምድር ለአንድ ሕፃን የሚበቃ መልስ አጣሁ። አፈርኩ። ለመሄድ የቀረችንን አንድ ወር ልጁን ይዤ በመዞር ላሳልፋት ወሰንኩ።

መነሻዬን ያደረግሁት ኪታብ ነው። በግብፅና በሶሪያ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው ሊቅ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ የሐበሻን ሙስሊም መንግሥታት ሲቆጥር ሰባት ያደርሳቸዋል፤ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሀዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ። ድንበሯ ከዛሬው ጋር አንድ ባይሆንም ባሊ ያላት የኛይቱ ባሌ ናት። ርዝመቷ የሃያ ቀን፣ ስፋቷ የስድስት ቀን መንገድ፣ ፈረሰኛዋ 18,000 እንደሆነ፣ ምድሯ ለም አየሯም ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ሕዝቧ ያለ ገንዘብ ከብትና ጨርቅ እየተለዋወጠ እንደሚገበያይ ጽፏል። ልብ በሉ፣ አል-ዑመሪ ባሌን በዓይኑ አላያትም። ከዚህ አካባቢ ካይሮ የደረሱትን ሰዎች፣ በተለይም ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒን ጠይቆ ነው የጻፈው። መጠየቅ ብቻውን ስንት ነገር አተረፈ! እኔ ግን በቦታው ተቀምጬ አልጠየቅሁም።

ስለ ተራሮቹ ብዙ አልልም፤ ዝናቡ መንገድ ዘጋብን። ይሁንና በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በምትባል፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች የዓለት ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ባለው ዘመን ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አሳውቀዋል። እሳት አንድደው በተራራው ላይ ያለውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። የምግቡን ፍርድ ለፉቀሃኦቹ እንተወውና፣ እኛ ጋቢ ለብሰን እንኳ የሚያንቀጠቅጠንን ብርድ እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደቻሉት ማሰብ ራሱ ያስደንቃል።

በሁለተኛው ሳምንት ከሮቤ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሶፍ ዑመር ደረስን። የዌይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የገባበት ዋሻ ነው፤ የውስጥ መንገዶቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ፋኖስ ይዞ የመራን ወጣት ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲያሻግረን፣ ነጩ ድንጋይ እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ጣሪያው እንደ ቁባ ጎብጦ አየን። በአገሩ ሰዎች ትውፊት ሸይኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የተጠለሉበት ነው። ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ይሰገድ ነበር?» አለኝ። መሪያችን ሰምቶት ኖሮ፣ አያቱ ከውስጥ ሰግደው እንደሚያውቁ ነገረን። የዝሁር ወቅት ስለነበር ከወንዙ ውዱእ አድርገን ሦስታችን በጀመዓ ሰገድን። «አላሁ አክበር» ስል ድምፄ ከዋሻው ተመልሶ ሲመጣ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ይህን ቦታ አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 አልፎበት በመጽሐፉ ጽፎታል። በዚያው ጉዞ ሸይኽ ሑሴንንም ጎብኝቷል። መንገደኛ ሰው ለጥቂት ቀናት ያየውን ከጻፈ እኛ ነዋሪዎቹ ምን ሠራን? ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ራሴን ነው።

ከዚያ ወደ ድሬ ሸይኽ ሑሴን፣ በጥንት ስሟ አናጂና፣ ተሻገርን። በ12ኛው ወይም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢስላምን በባሌ እንዳስተማሩ የሚነገርላቸው ሸይኽ ኑር ሑሴን ያረፉባት ናት። በተለይ በዙልሒጃ ወር ገሪባዎቹ ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለ በትራቸውን ይዘው ከአርሲና ከሐረርጌ ጭምር በእግራቸው ይመጣሉ። እዚያ ስለሚደረገው ነገር ዑለማኦቻችን ብዙ ተናግረዋል፤ እኔ እዚህ አልከፍተውም። ለልጄ ያልኩት «ለሸይኹ ዱዓ እናደርጋለን እንጂ ከሸይኹ አንለምንም» የሚለውን ብቻ ነው። ነጭ የተቀቡትን ቁባዎች እያየ ብዙ ዝም አለ።

የመጨረሻውን ሳምንት ለጎባ ተውኩት። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቅ፣ ለገበያና ለሕክምና ስመላለስባት የኖርኩባት ከተማ ናት። የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ እሷ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ተነግሮኝ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ከጠጣን በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆዳ ከረጢት አወጡ። በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ናቸው፤ የሁለቱ ቅጠሎች በእርጥበት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬትና በግብር ምክንያት በተነሣው፣ ጄኔራል ዋቆ ጉቱ ከመሩት የባሌ ዐመፅ ዘመን፣ አባታቸው ቤት ይቃጠላል ብለው ፈርተው ኪታቦቹን በጆንያ ጠቅልለው ቀብረዋቸው ነበር።

«ሐጂ፣ ማን ያነባቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ዓይኔ ደከመ። ልጆቼም ከተማ ገቡ» አሉኝ።

ከኪታቡ ኅዳግ ላይ አባታቸው የቀሩባቸው ሸይኾች ስም ተራ በተራ ተጽፏል። ልጄ ደብተሩን አውጥቶ ሽማግሌው እየነገሩት ጻፈ፤ ስድስት ስም ደረሰ። ሰባተኛው በእርጥበቱ ጠፍቷል። ሽማግሌው ግንባራቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ፣ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ፣ ደሎ መና ያለች ታላቅ እህታቸው ታስታውስ እንደሆነ በስልክ እንደሚጠይቁልን ነገሩን።

እኛ ቅዳሜ እንሄዳለን። ልጄ በሰባተኛው ቁጥር ፊት ያለውን ቦታ ባዶ ትቶታል።