ከድሬዳዋ ወደ ጀጎል በሮች

የድሬዳዋ ከተማ ታሪክ ከሐረር ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ የመስመሩ የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱን ከቆላው ወደ ደጋው ማውጣት ከፍ ያለ ወጪና ድካም የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ደጫቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። በዚያ የተቆረቆረው ሰፈር በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ይጠራ ነበር።

አዲሱ ከተማ ግንብም በርም አልነበረውም፤ የከዚራ ሰፈር መንገዶች በባቡር ጣቢያው አንጻር ቀጥ ብለው ተቀየሱ። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ግን «መጋላ» ተባለ፤ ይኸውም በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ በደንገጎ አቀበት፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሸዋ በር ይደርሳል።

የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ማለዳ በእግሩ ሊዞረው ይችላል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን፣ በድሪ፣ ሱቁጣት፣ አርጎብና አሱም የሚል ሌላ ስም አላቸው። የውስጡም ሰፈር በእነዚሁ በሮች ልክ በአምስት ይከፈላል። ስለዚህ በየበሩ ገብቶ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ገበያው የሚሄድ እግረኛ፣ የከተማውን አከፋፈል ያለ አስረጂ ይረዳል።

ግንቡ ጠላትን ከመከላከል በቀር ሌላም አገልግሎት ነበረው። የገጠሩ ሰው ቀን እህሉን ይዞ ገብቶ ይሸጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በሮቹ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዳሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር በመጣ ጊዜ፣ ከምሥራቁ በር ውጭ የአሚሩን ፈቃድ ለመጠበቅ ተገድዶአል። ይሁን እንጂ ግንቡ ሁሉን የሚከለክል አልነበረም፤ «ወራባ ኑዱል» በሚባሉት ዝቅተኛ ቀዳዳዎች ጅብ ሌሊት እየገባ የከተማውን ጥራጊ ይበላ ነበር።

ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከተማውን ያዘ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ድል ሆኑ። በእነዚህ ጦርነቶች የሐረር ገዥዎች ቢለወጡም የነጋዴው መንገድ አልተለወጠም። ንግዱን ወደ ቆላው ያወረደው ባቡሩ ነው፤ ሐረርም የቀደመ የንግድ የበላይነቷን አጣች። ይሁን እንጂ ጣቢያና ዴፖ በደጋው ላይ ባለመሠራታቸው ግንቡን ለማፍረስ የሚያስገድድ ነገር ሳይመጣ ቀረ። በኋላ ለተሽከርካሪ የሚመች ስድስተኛ በር ቢከፈትም የአምስቱ በሮች ሥርዓት አልጠፋም።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቶአል። ሆኖም መጠበቅ ያለበት ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከበሩ እስከ ገበያው የሚወስዱት መተላለፊያዎች ለመኪና ሲባል ቢሰፉ፣ ግንቡ ቆሞ ሳለ ግንቡ የተሠራለት ከተማ ሊጠፋ ይችላል።