ካፋ፣ ካልዲ እና ቀዳዳ የበዛበት ኮሜዲ

ካልዲ የሚባል እረኛ ነበር ይላል ተረቱ። አንድ ቀን ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው እንደ ሰርገኛ ሲጨፍሩ አገኛቸው። እሱም ቀመሰና አብሯቸው ጨፈረ። ከዚያ ፍሬውን ይዞ ወደ ገዳም ሮጠ። አበምኔቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እሳት ውስጥ ጨመሩት፤ ከእሳቱ ግን ደስ የሚል ሽታ ወጣ። ፍሬው ከፍሙ ተለቅሞ ውሃ ተደረገበት፤ መነኮሳቱም ያን ሌሊት ሳያንጎላጁ ጸለዩ። ቡና የተገኘው በዚህ መልክ ነው፣ ቦታውም ካፋ ነው ይባላል። ታሪኩ በቱሪስት መጽሔት ይታተማል፣ በቡና ከረጢት ላይ ይሣላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ካልዲስ የተባለው የቡና ቤት ስሙን ያገኘውም ከዚሁ እረኛ ነው።

እንደ ኮሜዲ ካዩት የሚጎድለው ነገር የለም። የሚጨፍር እንስሳ አለ፤ ሳያስበው ትልቅ ነገር ውስጥ የገባ ተራ ሰው አለ፤ ተቆጥተው ወዲያው ሐሳባቸውን የሚለውጡ አባት አሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሆሊውድ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብዛት የሠራቸው የጥድፊያ ኮሜዲዎችም የሚሮጡት በዚህ ፍጥነት ነበር። ከእነሱ አንዱ ሃዋርድ ሆክስ በ1938 ያወጣው «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» ነው። ፊልሙ አንድ የዳይኖሰር ተመራማሪን ከአንዲት ባለጸጋ ወጣትና ከአንድ ለማዳ ነብር ጋር ያጣላል፣ ያስታርቃል፣ ያሯሩጣል። ነብሩን የላከላት ብራዚል የሚኖር ወንድሟ ነው፤ ብራዚል ውስጥ ግን ነብር የለም። ተመራማሪው ቀን ከሌሊት የሚፈልገው አጥንትም በየትኛውም አፅም ውስጥ አይገኝም። ተመልካቹ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም፤ አንዱን ሳቅ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል።

ይሁንና ያንን ፊልም ዋቢ አድርጎ ስለ ብራዚል አራዊት የሚጽፍ ሰው የለም። ካልዲ ግን ስንትና ስንት መጽሐፍ ውስጥ የቡና ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ተገቢ ነው፤ በተለይ ተረቱ የካፋ ነው ስለሚባል።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ተረቱ ራሱ የተወለደበት ቦታ ነው። በጽሑፍ ብቅ ያለው የካፋዋ ቦንጋ ላይ አይደለም፤ ጎንደርም ሐረርም አይደለም። በ1671 ሮም ውስጥ ፋውስተስ ናይሮን የተባለ የሊባኖስ ማሮናዊ፣ የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህር፣ የቡናን ጥቅም የሚያወድስ ትንሽ የላቲን መጽሐፍ አሳተመ። ጊዜው ቡና ለአውሮፓ አዲስ የሆነበት ነው፤ የለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት ከተከፈተ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ናይሮን በሚተርከው ታሪክ እረኛው ስም የለውም። መንጋው ግመል ነው፤ ሌሎች ደግሞ ፍየል ነው ይላሉ ብሎ ያልፈዋል። አገሩ የመን ነው። እንስሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈነጩ ያድራሉ፤ የገዳሙ አለቃ ፍሬውን አስቀቅለው ይጠጣሉ፤ እንቅልፍም ይሸሻቸዋል። እሳት ውስጥ የሚወረወር ነገር የለም፤ ሰይጣንም አልተጠቀሰም። የሚገርመው የመነኮሳቱ ስም ነው፦ ሻዝሊ እና አይደሩስ። ሁለቱም በየመን የታወቁ የሱፊ ሼሆች ስሞች ናቸው። ናይሮን የሰማው የሙስሊም ደጋጎችን ታሪክ ይመስላል፤ ሮም ሲደርስ ቆብ ተደፍቶለታል።

ካልዲ የሚለው ስም በሰፊው የተሠራጨው ከዚያ 251 ዓመት ቆይቶ ነው። የኒው ዮርኩ የሻይና ቡና ንግድ መጽሔት አዘጋጅ ዊልያም ኡከርስ በ1922 ስለ ቡና ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ የፈረንሳዮች ትረካ ነው ብሎ ታሪኩን አቀረበ። በዚያ ትረካ ካልዲ ከፍየሎቹ ጋር ሲጨፍር አንድ መነኩሴ ሲያልፉ ያዩታል። መነኩሴው በጸሎት መካከል እንቅልፍ እየጣላቸው የሚቸገሩ ናቸው። ፍሬውን ሲያዩ ነቢዩ መሐመድ ለችግራቸው መፍትሔ እንደገለጡላቸው ያምናሉ። መነኩሴ፣ ገዳም እና ነቢዩ መሐመድ በአንድ አንቀጽ! ከብራዚል ከመጣው ነብር ይህ አያንስም።

ታሪኩ ወደ ኢትዮጵያ ሲዛወር መነኩሴው ኦርቶዶክስ ሆኑ፤ ቀዳዳውም ሰፋ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ አድርጋ ታይ ነበር፤ ክርስቲያኑም ይርቀው ነበር። ይህ አመለካከት የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሡ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን ለማስወገድ ብዙ ጥረዋል። ተረቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ዓመት ደግሞ 850 ነው። ታዲያ ገዳም በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለውን መጠጥ ቤተ ክርስቲያን እንዴት አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ስትሸሸው ኖረች? ካፋ ላይ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል። የካፋ መንግሥት መነሻ በተለምዶ የሚቆጠረው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው፤ የክርስትና መግባትም በትውፊት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ይያያዛል። በ850 ካልዲ የሚሮጥበት ገዳም አልነበረውም።

ወደ ፍየሎቹ እንምጣ። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል ያገሬው ሰው፤ ልክም ነው። ፍየል ቡና ዘንድ ብትደርስ መጀመሪያ የምትነጨው ቅጠሉን ነው፤ ቅጠሉም ካፌይን አለው። ስለዚህ መንጋው እስኪጨፍር ድረስ ቀይ ፍሬ መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። ደግሞም የካፋ የዱር ቡና ሜዳ ላይ የቆመ ቁጥቋጦ አይደለም። ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ፣ ትላልቅ ዛፎች ሥር፣ በጥላ ውስጥ የሚያድግ ቀጭን ተክል ነው። እንዲህ ያለ ደን ፍየል የሚሰማራበት ቦታ አይደለም። ፍሬውን በደንብ የሚያውቁት ዝንጀሮና ወፎች ናቸው። ቀይ ሥጋውን በልተው ፍሬውን በየቦታው ይጥላሉ፤ ሲጨፍሩ ግን አልታዩም።

ትልቁ ቀዳዳ ያለው እሳቱ ላይ ነው፤ ይህንን ለማየት ቡና ቆልቶ ማወቅ ብቻ ይበቃል። እሸት ቡና በጣፋጭ ሥጋና በሚያዳልጥ ልጥልጥ የተሸፈነ ነው፤ ውስጡ ያለው ፍሬም በውሃ የተሞላ ነው። እሳት ውስጥ ቢጣል ሥጋው ይጨሳል፣ ያራል፤ ውስጡ ደግሞ ይቀቀላል። የቡና ሽታ የሚመጣው ፍሬው ደርቆ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወርዶ፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቆላ ነው። እሸቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ ሙቀጫ አለ፣ ማንፈስ አለ፣ መቁላት አለ፣ እንደገና መውቀጥ አለ። ተረቱ ይህንን ሁሉ ሥራ በአንድ ንዴት ዘለለው። ሴቶች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ከታሪኩ ሲወጣ አንድም ሴት ያልቀረችበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከተረቱ ይልቅ ለእውነት የሚቀርብ ሌላ ትረካ አለ። አብዱልቃድር አል-ጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ በ1587 ገደማ በዐረብኛ ስለ ቡና በጻፈው ድርሳን ውስጥ፣ በ1470 የሞቱት የኤደኑ ሙፍቲ ጀማሉዲን አል-ዘብሃኒ ከቀይ ባሕር ማዶ ወደ አፍሪካ ተሻግረው ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ እንዳዩ ይናገራል። አገራቸው ተመልሰው ሲታመሙ ትዝ አላቸውና ጠጡት፤ ድካሙን ሲያባርርላቸው ለሱፊ ወንድሞቻቸው አስተማሩ። ሱፊዎቹ ለሌሊት ዚክር ተጠቀሙበት። መጠጡ ከየመን ወደ መካ፣ ወደ ካይሮ ሄደ፤ በ1511 የመካው ሹም ኻይር ቤግ እስከ ማገድ ደረሰ። በዚህ ትረካ የሚጨፍር ፍየል የለም። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው፦ አል-ዘብሃኒ ቡናን አላገኙም፤ ቡና የሚያውቁ ሰዎችን አገኙ።

ካልዲ ያስረሳው እነዚህን ሰዎች ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አንድ መጠጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ካፋና አካባቢው ቅጠሉን አድርቆ፣ በቅመም አፍልቶ ይጠጣል፤ ጨሞ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የኦሮሞ መንገደኞች የተቆላና የተፈጨ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው ስንቅ እንደሚያደርጉት ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ቡና በካፋ ማንም ሳይተክለው በብዛት የሚበቅል መሆኑን ገልጿል። ከዚያ 37 ዓመት በፊት፣ በ1753፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ካርል ሊኒየስ ተክሉን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ዐረብ አድርጎት ነበር። ሊኒየስ የሳተውም ናይሮን እንደሳተው ነው፤ ሁለቱም ቡናውን ያዩት በመጣበት ወደብ በኩል ነበር።

የዘር ጥናት ዛሬ የሚናገረው ለካፋ ነው። አራቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ድቅል የተገኘ ነው፤ በ2024 የወጣ ጥናት ድቅሉ ከ600,000 ዓመት በፊት ገደማ እንደተፈጠረ ገምቷል። የዝርያው ብዝኃነት በጣም ሰፊ ሆኖ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው፤ የመን ውስጥ ያለው የዚያ ጥቂት ክፍል ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ ስፋቱ ከ760,000 ሄክታር ይበልጣል። ቦንጋ ከተማ ላይም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል።

ታዲያ ካፋ ይህን ሁሉ ይዛ ለምን የሮምን ተረት ትዋሳለች? ምክንያቱ በከፊል የካፋ የራሷ ታሪክ ነው። የታቶዎቹ (የካፋ ነገሥታት) መንግሥት ዙሪያውን በጥልቅ ቦይና በተጠበቁ በሮች የታጠረ ነበር። ነጋዴ ወርዶ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይገዛ ነበር እንጂ እንደልቡ አይዘዋወርም። ተጓዡ አንቷን ዳባዲ በ1843፣ ካፑቺኑ ሚስዮናዊ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 ካፋን ካዩ ጥቂት አውሮፓውያን መካከል ነበሩ። ያኔ የናይሮን መጽሐፍ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም። በ1897 የምኒልክ የጦር አዛዥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ወርረው የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርኩ፣ አገሪቱ ብዙ ሕዝቧንና የቃል ታሪክ የሚያውቁ ሰዎቿን አጣች። ካፋ በራሷ ሰዎች አንደበት የቡናዋን ታሪክ ለዓለም የምትናገርበት ጊዜ ሲመጣ፣ ገበያው ካልዲን ቀድሞ ለምዶታል።

ሌላ ዓይነት ማስረጃ ደግሞ ከመሬት ሥር እየወጣ ነው። ከ2004 ጀምሮ በካፋ የተሠራ የአርኪዮሎጂ ፕሮጀክት 27 ዋሻዎችና የዐለት መጠለያዎችን መዘገበ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ጠቃሚ ክምችት ነበራቸው፤ በ3ቱ ደግሞ ቁፋሮ ተደረገ። በ2010 በታተመው ዘገባ መሠረት፣ የተቆፈሩት ዋሻዎች የ5,000 ዓመት የሰው ኑሮ ይዘዋል፦ የሸክላ ዕቃ፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የዐለት ሥዕል፣ መቃብር፣ ከሰልና ሳይበሰብሱ የደረቁ የዕፅዋት ቅሪቶች። የካፋ ሰው ከደኑ ምን ምን እንደሚለቅም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚለቅም የሚጠየቁት እነዚህ ቅሪቶች ናቸው፤ 24ቱ ዋሻዎች ደግሞ በዚያ ዘገባ ገና አልተቆፈሩም።