ለልዎተር፦ ከክላርክስተን አቅራቢያ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ደን

ለልዎተር በዩናይትድ ስቴትስ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ በዲካብ ካውንቲ የሚገኝ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ጥብቅ ደን ነው። ስፋቱ 154 ኤከር ወይም 62 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሚኖሩባት ከክላርክስተን በስተምዕራብ፣ በመኪና የ20 ደቂቃ ያህል መንገድ ይርቃል። ዙሪያውን ሆስፒታሎች፣ መኖሪያ ሕንፃዎችና ትራፊክ የሚበዛባቸው ጎዳናዎች ከበውታል። በውስጡ የእግር መንገዶች፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅና ወንዝ ይገኛሉ።

ከግል ርስት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዞታ

ኤሞሪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1836 ኦክስፎርድ በተባለች የጆርጂያ ከተማ ነው። የኮካ ኮላ ኩባንያን ያቋቋሙት ባለሀብት ኤሳ ካንድለር ገንዘብና መሬት በመለገሳቸው፣ በኋላ ወደ አትላንታ ተዛወረ። ለልዎተር የልጃቸው የዋልተር ካንድለር ርስት ነበር። ዋልተር ፈረስ ያረቡበት በነበረው በዚህ ስፍራ በ1926 በድንጋይ የታነጸ ትልቅ ቤት አሠሩ። ዩኒቨርሲቲው ርስቱን በ1958 ገዛው። ቤቱ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት መኖሪያ ነው።

ደኑና ውኃው

ኦክ፣ ቢች፣ ሂከሪና ቱሊፕ ፖፕላር በአካባቢው ከሚበቅሉት አገር በቀል ዛፎች መካከል ናቸው። በደኑ የሚያልፈው የፒችትሪ ወንዝ ደቡባዊ ገባር ውኃውን ወደ ቻታሁቺ ወንዝ ይልካል፤ ይህም በስተመጨረሻ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይፈስሳል። በወንዙ ዳር የአሮጌ የኃይል ማመንጫ ቤት ፍርስራሽ ይታያል፤ ተጓዦችም በተንጠልጣይ ድልድይ ይሻገራሉ።

የደኑ ጥቅም በመንሸራሸሪያነቱ ብቻ አይወሰንም። በአስፋልትና በጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይጎርፋል፤ ዳርቻውንም እየሸረሸረ ቀዩን አፈር ይዞ ይሄዳል። በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ የደን አፈር ግን ውኃውን አምቆ ቀስ በቀስ ይለቅቀዋል።

የመንገዱ ክርክር

ዩኒቨርሲቲዎች ሲያድጉ ባዶ መስሎ የሚታያቸው መሬት ብዙ ጊዜ ደን ነው። ለልዎተርም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ዋናውን ግቢ ከክሌርሞንት ግቢ ጋር የሚያገናኝ የአውቶቡስ መንገድ በደኑ በኩል እንዲያልፍ ሲታቀድ፣ በዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። መንገዱ ተሠራ፤ በአካባቢው በሚበቅል ብርቅዬ ሐረግ ስምም ስታርቫይን ተባለ። ዛሬ ሌላው ሥጋት መጤ ዕፅዋት ናቸው። አይቪን የመሰሉ ሐረጎች መሬቱን ሸፍነው የአገር በቀል ችግኞችን ዕድገት ያፍናሉ፤ ግንድ ላይ ወጥተውም ዛፉን ያዳክማሉ።

በኢትዮጵያ ያለው ተሞክሮ

ተቋም ደንን ጠብቆ ማቆየቱ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተረፉት አገር በቀል ደኖች አብዛኞቹ የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ባካሄዱት ጥናትና ጥበቃ፣ ከብት እንዳይገባ በድንጋይ አጥር መከለል ለእነዚህ ደኖች ያለውን ፋይዳ አሳይተዋል። በአዲስ አበባ ደግሞ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ነው።

ለጎብኚዎች

ለልዎተር የሕዝብ መናፈሻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ይዞታ በመሆኑ፣ ወደዚያ ከመሄድ በፊት የመግቢያ ሰዓቱንና ደንቡን ማጣራት ይገባል። መኪና ለሌላቸው የክላርክስተን ነዋሪዎች ቅርቡ አማራጭ በከተማዋ በኩል የሚያልፈው፣ አትላንታን ከስቶን ማውንቴን የሚያገናኘው የእግረኞችና የብስክሌት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው።